የቅዳሜዋ ፒዛና የአባባ ሳህን



አንድ እሑድ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ የደም ግፊት መለኪያውን አባባ ክንድ ላይ ጠቀለልኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥሩን አወጣ። የላይኛው 168፣ የታችኛው 96። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አምስት ደቂቃ አሳርፌያቸው ደገምኩት። ያው ነው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ወስደዋል፤ እንቅልፍም አላጡም። ሐኪማቸው «ጨው ቀንሱ» ካሉበት ቀን ጀምሮ ደግሞ የአባባ ወጥ በትንሿ ድስት ለብቻው ነው የሚሠራው። ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

መልሱን ያገኘሁት በማግስቱ አንሶላ ልቀይር ክፍላቸው ስገባ ነው። ከአልጋው ሥር፣ ከጫማቸው ጎን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። (ጋዜጣው ይኸው የኛው እንደነበር አልደብቃችሁም።) ስፈታው የደረቀ የፒዛ ጠርዝ ነው። አንድ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አራት ነው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ እንጃ! አይጥ አምጥቶት ይሆናል» አሉ።

አይጡ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የኔው ታናሹ ልጅ። ገና ሳልጠይቀው ዕንባው ቀደመ። «እኔ ነኝ የምሰጣቸው። አባባ ብቻቸውን ሲበሉ ያሳዝኑኛል» አለኝ።

ልቆጣ የተዘጋጀሁት ሴትዮ ምንም ሳልል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤታችን ቅዳሜ ማታ የፒዛ ማታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሥራና ትምህርት ቤት ስንራወጥ ቆይተን፣ በዚያች ማታ እኔም ከምድጃ እገላገላለሁ፣ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል። ከሰፈራችን ፒዛ ቤት ሁለት ትልልቅ ካርቶን ይመጣል። የአባባ እራት ግን በትሪ ወደ ክፍላቸው ይሄዳል። መጀመሪያ ከኛው ጋር ይቀመጡ ነበር። ሽታው እየመጣ የሳቸው ሳህን ላይ አልጫ ሲቀርብ ጊዜ፣ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ዜና ልስማ» ብለው ተነሡ። ደስ ብሏቸው መስሎኝ ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማን አድገናል፤ ተረቱ ስስታሙን ሊገሥጽ ነው። እኔ ደግሞ አባቴን ላድን ብዬ፣ ስስት የሌለባቸውን ሰው ብቻቸውን እንዲበሉ አደረግኋቸው።

በዚያው ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከሉ፤ ስለ ጨውም እንደገና አስረዱን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህ እንግዲህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በወጉ አይሞላም፤ ያውም ዳቦው ውስጥ፣ በርበሬው ውስጥ፣ ወጡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው።

ቤት ስንመለስ ብይኔን ሰጠሁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የቅዳሜ ፒዛ ቀርቷል!»

ታላቋ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጠበቃ ልትሆን ነው የምታስበው። «እማ፣ ያመማቸው ፒዛው ነው ወይስ ጨዉ?» አለችኝ።

«ጨዉ።»

«እና ፒዛው ለምን ይቀጣል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ነው ፒዛ ቤት የሚሠራውን ሱጎ እቤቴ ለመሥራት የተነሣሁት። ፒዛ ላይ የሚቀባውን ቀዩን ማለቴ ነው። ከውጪ የሚመጣ ሱጎ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ስንት ጨው እንደጨመረ አላውቅም። የራሴ ድስት ውስጥ ግን አውቃለሁ።

ሁለት ጊዜ ወድቄ

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቲማቲሙን ከነልጣጩ ብሌንደር ውስጥ ጨመርኩና ፈጨሁት፤ ሊጡ ላይ አፈሰስኩት፤ ኦቭን ውስጥ አስገባሁት። የወጣው ነገር ከላይ ሾርባ፣ ከታች ያልበሰለ ሊጥ ነበር። ልጆቹ በማንኪያ በሉት፤ ከሳቅ ጋር።

በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። የፒዛ አገር በምትባለው በኔፕልስ ሱጎው በድስት አይበስልም። የተላጠ ቲማቲም በእጅ ይፈጭና ትንሽ ጨው ይደረግበታል፣ በቃ። ምድጃቸው ግን በእንጨት የሚነድ፣ ሙቀቱ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርስ ነው፤ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ በስሎ ይወጣል። የእጅ ሙያቸውን ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የኔ ኦቭን ግን ቢበዛ 250 ነው። በዚያ ሙቀት ፒዛው አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ጥሬው ቲማቲምም እስኪበስል ውኃውን ሁሉ ሊጡ ላይ ያፈሳል። ስለዚህ የኛን ቤት ሱጎ አስቀድሞ ድስት ውስጥ አብስሎ ውኃውን መጨረስ ግድ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ አበሰልኩት። ግን እጄ የለመደውን ሠራ። ሽንኩርቱን እንደ ቁሌት አደከምኩት፣ ቡናማ እስኪሆን አቁላላሁት፣ ሳላስበው ማንኪያዬ በርበሬ ውስጥ ገባ። ታናሹ አንዴ ጎርሶ ቀና አለና «እማ፣ ይሄ ስልስ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ለቁርስ ከዳቦ ጋር ጥሩ ይሆን ነበር።

ይህን ጊዜ አባባ ከክፍላቸው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ድስቱን አዩት፤ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረውን ቲማቲም አንሥተው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ይሄን ቲማቲም የመረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ምነው?»

«ሰላጣ ነው የገዛሽው» አሉና ተመልሰው ሊሄዱ ሲሉ፣ «እሺ፣ የሱጎውስ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

ለስንት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄያቸው እንደማላውቅ የገባኝ ፊታቸውን ሳየው ነው።

የሾፌሩ ትምህርት

አባባ ዕድሜያቸውን በመኪና ላይ ነው የፈጁት። በጃንሆይ ጊዜ በረዳትነት የአሰብን መንገድ ይመላለሱ ነበር። ልጅ ሳለን ከመንገድ ሲመለሱ የሚነግሩን ስለ በረሃው ሙቀትና በየከተማው ስለበሉት ፓስታ ነበር፤ «እገሊት ቤት ያለ ሱጎ» እያሉ። በኋላ የራሳቸውን አይሱዙ ገዙና ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም እየጫኑ ለሊት አትክልት ተራ ማራገፍ ሥራቸው ሆነ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ያ ዕውቀት እቤቴ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ዜና እየሰማ እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

በነጋታው ታናሹን አስከትለው ጉሊት ወረዱ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። የሰማሁትን እንዳለ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ክቡ ትልቁ ቲማቲም ለሰላጣ ነው፤ ውስጡ ውኃና ፍሬ ይበዛዋል። ለሱጎ የሚሆነው ረዘም ያለው፣ የዕንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ሮማ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሥጋው ወፍራም፣ ውኃው ጥቂት ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል ስሙ ራሱ «መልካሳልሳ» የተባለ እንዳለ ታውቁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መንገድ የሚሄድ ቲማቲም ሙሉ በሙሉ ሳይቀላ ነው የሚለቀመው፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ውስጥ ይፈርጣል። ስለዚህ ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትሥሩት። ጋዜጣ ላይ ዘርግታችሁ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ሁለት ሦስት ቀን አሳድሩት። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ ብርዱ መብሰሉን ያቆመዋል፣ ጣዕሙንም ያጠፋዋል። ደም መስሎ ሲቀላና በጣት ሲነኩት ለስለስ ሲል ያኔ ደርሷል።

ሦስተኛ፣ ወደ ማታ ሻጮች የለሰለሰውን ለይተው በርካሽ ይሰጣሉ። ለሰላጣ የማይሆነው ለሱጎ ይሆናል። ግን መለስለስና መበላሸት ይለያያሉ። ሻጋታ ያለበት፣ የተሰነጠቀና የሚያፈስ፣ የኮመጠጠ ሽታ ያለው አንድም ፍሬ አይግባ። ሻጋታውን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መጠቀም አይሠራም፤ እንደ ቲማቲም ያለ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ይገባል።

ታናሹ እያንዳንዷን ፍሬ እያነሣ «ይቺስ አባባ?» ይላል፤ እሳቸው በከዘራቸው «ተዋት»፣ «አምጣት» ይላሉ። ባለጉሊቷ «እኚህ ሰውዬ ቲማቲም ሊገዙ ነው ልጅ ሊድሩ?» ብላ አሳቀችን።

አሠራሩ

በሦስተኛው ቅዳሜ የተሳካው ይህ ነው። ለስምንት መካከለኛ ፒዛ ያህል ይበቃል፤ ግማሹ ለዛሬ፣ ግማሹ ለማቀዝቀዣ።

2 ኪሎ በደንብ የበሰለ ሮማ ቲማቲም፣ 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት (ራሱን አላልኩም፣ ፍሬውን)፣ 1 ትንሽ ካሮት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ በሶብላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጦስኝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ቲማቲሙን እጠቡና ግርጌው ላይ በቢላ የመስቀል ምልክት ጫር አድርጉበት። የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ አቆይታችሁ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ አዛውሩት፤ ልጣጩ እንደ ሸሚዝ ይወልቃል። የፈላውን ውኃ ልጆች አይንኩት፤ መላጡን ግን ለነሱ ተዉላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ለሁለት እየከፈላችሁ ፍሬውንና ውኃውን ወንፊት ላይ ጨመቅ አድርጉ። የወረደውን ውኃ እንዳትደፉት፤ ለምስር ወጥ ወይም ለሾርባ ግሩም ነው። የቀረውን ሥጋውን በእጅ ጨፍልቁት ወይም ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ብሌንደር ከተጠቀማችሁ ጥቂት ብቻ አዙሩት፤ ብዙ ሲፈጭ አየር ይገባበትና ቀይነቱ ይደበዝዛል።

ዘይቱን ለዘብ ባለ እሳት አሙቁ። በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ጨምሩና እስኪለሰልስ ብቻ አቁላሉት። እዚህ ላይ የወጥ እጃችሁን ያዙ! ቡናማ መሆን የለበትም። በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀውን ካሮት ጨምሩ። የካሮቱ ሥራ ኮምጣጣነቱን ማለዘብ ነው፤ ብዙዎች ለዚህ ስኳር ይጨምራሉ፤ እኛ ካሮቱ በቃን። ነጭ ሽንኩርቱን አስከትሉና አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ካረረ ይመርራል፣ ድስቱ ሁሉም ይመርራል። ከዚያ ቲማቲሙን ገልብጡ።

ድስቱን አትክደኑት። ዓላማችን ውኃው በንኖ እንዲወጣ ነው። በለዘብተኛ እሳት ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ በእንጨት ማማሰያ እያማሰላችሁ፣ በተለይ ወደ መጨረሻው እንዳይዝባችሁ። መድረሱን እንዲህ ታውቃላችሁ፦ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ አድርጉና ጠብቁ። ዙሪያውን ውኃ ካወጣ አልደረሰም። ባለበት ከቆመ ደርሷል። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ በሶብላውንና ጦስኙን በእጃችሁ አሽታችሁ ጨምሩ። ፒዛ ቤት ኦሬጋኖ የሚጠቀሙበትን ቦታ በኛ ቤት ጦስኝ ይዞታል፤ ሽታው እንዲያውም በረታ።

ጨዉ መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ትልቁ ምስጢር ነው። ሱጎው ሲጀመር ብዙ፣ ሲያልቅ ትንሽ ነው፤ ውኃው ይሄዳል፣ ጨዉ ግን አይሄድም። መጀመሪያ ላይ ቀምሳችሁ «ልክ ነው» ያላችሁት ጨው፣ በመጨረሻ ሲወፍር እጥፍ ይሆናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ወደ 3 ግራም ነው፤ ለስምንት ፒዛ ሲከፋፈል ለአንዱ ግማሽ ግራም እንኳ አይደርስም። ጣዕሙ ጎደለ ካላችሁ ጨው ሳይሆን ጥቂት ጠብታ ሎሚ ሞክሩ።

ሱጎው ሊጡ ላይ ሲቀባ ስስ ይሁን፤ ለአንድ ፒዛ አራት ወይም አምስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ተዉ።

ኦቭን የሌለው ቤት

«ኦቭን የለንም» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የእንጀራ ምጣዳችሁ አለ አይደል? አባባ ካሉን ዘዴዎች ባይሆንም፣ ጎረቤቴ ያስተማረችኝ ነው። ሊጡን (ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፤ አቡክታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ኩፍ ይበል) ሳስ አድርጋችሁ ዳምጡና መካከለኛ ሙቀት ያለው ምጣድ ላይ ጣሉት። ሥሩ ሲበስል ገልብጡት፤ የበሰለው ወገን ወደ ላይ ይምጣ። ሱጎውን እሱ ላይ ቀቡ፣ ፎርማጆውን በትኑ፣ አክንባሎውን ድፉበት። አራት አምስት ደቂቃ ነው። ፎርማጆው ሲቀልጥ አውጡት።

ጨዉ የት የት ይደበቃል?

ሱጎው ተስተካከለ ብለን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነበር። ታላቋ ግን የፎርማጆውን ማሸጊያ አንብባ መጣች። እዚያ ላይ የተጻፈው «ሶዲየም» እንጂ «ጨው» አይደለም። ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዙት የጨዉን መጠን ታገኛላችሁ። ፎርማጆ ጨው በብዛት አለው፤ ሞርታዴላና የመሳሰለው ሥጋ ደግሞ ይብሳል። በጣሳ የሚሸጠው የቲማቲም ድልህ አንዳንዱ ጨው አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ ጀርባውን አንብቡ። የሾርባ ኩብ ደግሞ አብዛኛው ራሱ ጨው ነው። የተዘጋጀ በርበሬና ሚጥሚጣም ጨው እንደሚገባበት አትርሱ።

ስለዚህ የአባባን ወገን በአይብ ነው የምንሸፍነው። እቤት የተነጠረ፣ ጨው ያልገባበት የኛው አይብ። እንደ ፎርማጆ አይለጠጥም፣ አይጎተትም። ግን ሱጎው ላይ ተፈርፍሮ ሲሞቅ ደስ ይላል፤ ከላዩ ጥቂት በሶብላ ጣል ይደረግበታል። የሊጡም ጨው ቀርቷል፤ ከሱጎው ጋር ሲበላ መጉደሉ አይታወቅም። በጾም ደግሞ ፎርማጆውም አይቡም ይቀርና የተቀቀለ ድንች በስሱ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይደረደርበታል። የጾም ፒዛ ጥሩነቱ የሚታወቀው በሱጎው ብቻ ነው፤ የሚሸፍንለት የለምና።

አንድ ማሳሰቢያ። ቲማቲም ፖታሲየም በብዛት ያለው አትክልት ነው። ለጤነኛ ሰው መልካም ነው፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ምን ያህል መብላት እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። «የጨው ምትክ» እየተባለ የሚሸጠውንም ሳይጠይቅ አይጠቀም።

ስለ ማስቀመጥ

እናቶቻችን በርበሬና ድልህ ለዓመት ያስቀምጡ ስለነበር፣ ሱጎውንም በጠርሙስ ሞልቶ፣ ዘይት ከላይ አፍስሶ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ማኖር የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። አየር በሌለበት የታሸገ ሱጎ ውስጥ፣ በተለይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ሲገባበት፣ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊራባ ይችላል። መርዙ በሽታም በጣዕምም ላይታወቅ ይችላል።

እኛ ቤት የምናደርገው ይህን ነው፦ ከእሳት የወረደው ሱጎ ይበርዳል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይም። ለአራት ቀን የሚበቃው ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። የቀረው በትንንሽ ከረጢት፣ ለአንድ ማታ የሚበቃ እየተደረገ፣ ቀኑ ተጽፎበት ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ በሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። መብራት ጠፍቶ ከቆየና ከቀለጠ በኋላ ለብ ካለ ይደፋል፤ ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ተብሎ ሆስፒታል አይኬድም። ሌላም አለ፦ የበሰለውን ሱጎ አሉሚኒየም ድስት ውስጥ አታሳድሩት። ቲማቲም አሲድ አለው፤ ድስቱን ይበላዋል፣ ሱጎውም የብረት ጣዕም ይይዛል። ወደ መስታወት ወይም ሸክላ ዕቃ ገልብጡት።

ሦስተኛዋ ቅዳሜ

ያን ዕለት ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፒዛ ቀረበ፤ ከአንደኛው ግማሹ ነጭ፣ በአይብ። ትሪውን ማንም አላነሣም። አባባ ከታናሹ ጎን ተቀመጡ፤ ቆረሱና ቀመሱ። ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን።

«ጨው ጎድሎታል» አሉ።

ልቤ ወረደ።

«ግን ቲማቲሙ ጥሩ ነው» አሉና ሌላ ቆረሱ። ታናሹ ሳቀ፤ ቲማቲሙን ማን እንደመረጠ ያውቃላ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሊሆነን ነው። ባለፈው እሑድ ስለካቸው የላይኛው 142፣ የታችኛው 84 ነበር። ሱጎው አዳናቸው አልላችሁም። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካክለዋል፤ እሳቸውም ከልጁ ጋር ጉሊት እየወረዱ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል፤ የደረቀ ፒዛ ከአልጋ ሥር ቀርቷል። የትኛው ስንት እንዳወረደ የማውቅበት መሣሪያ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር፣ በቤታችን ጨው የሚቀነሰው አሁን ለሁላችንም መሆኑን ነው። ልጆቹም እየለመዱት ነው፤ ምላስ እንደ ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይማራል።

በየቤታችሁ በትሪ የሚበላ ሰው ካለ፣ ምግቡን ከመለየታችሁ በፊት «ይሄን ለሁላችን ብንሠራውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ነገር አይቻል ይሆናል። ግን ከሚመስለን በላይ ይቻላል። ደግሞም ከምግቡ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ ቲማቲም መምረጥም ይሁን ሌላ፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ነገር አይጠፋም።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የተዘረጋው ቲማቲም ነገ ይደርሳል። አባባ ጠዋት ጠዋት እየተነሡ እያገላበጡት ነው። ጋዜጣው አሁንም የኛው ነው፤ ዘንድሮ ግን ከአልጋ ሥር ወጥቷል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።